በለቅሶ ቤታችን ስለ ዘፈነው ሳጥን

ለተከበሩ የፀዳል ብልህ የቤት ዕቃዎች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ማታ ቤትዎ ሲገቡ መብራትዎ በመጀመሪያው ንክኪ እንዲበራልዎ፣ ሲተኙም በመጀመሪያው ንክኪ እንዲጠፋልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ ምን ያህል ትልቅ በረከት እንደ ሆነ እናቴ ቤት ስላየሁት ነው።

ያርጋል ተክለ ማርያም እባላለሁ። ደባርቅ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ አሻግሬ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ሱቅ ሞባይል ይጠግን ነበር፤ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ አብረን እንኖር ነበር። እናታችን ገበያነሽ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር ብቻዋን ትኖራለች። አሻግሬ በጥቅምት የተበላሹ ስልኮች ሊቀበል ወደ ድብ ባሕር ሲወርድ፣ የተሳፈረበት መኪና ሊማሊሞ ላይ ተገልብጦ ሞተ።

የምለምንዎ ነገር አንድ ነው፤ ከቅሬታዎቼ ብዛት የተነሣ እንዳይጠፋብዎ አስቀድሜ ልጻፈው። እናቴ ግድግዳ ላይ ያለው ሳጥናችሁ፣ እሱ ያዘጋጀው ሳይደመሰስ፣ ከወንድሜ ስልክ ወደ እኔ ስልክ ይዛወርልኝ። እናቴም በገዛ ጣቷ አምፖሏን ማብራት እንድትችል ይደረግላት። የአሻግሬ አርባ እየደረሰ ነው፤ እናቴ ግን ጨለማ ውስጥ ተቀምጣለች።

ሳጥኑን የማያውቁ የዚህ ደብዳቤ አንባቢዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ ባጭሩ ላስረዳ። ጣራ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ አለ፤ ቤት ውስጥ አምፖሎች፣ ሬዲዮና ማራገቢያ አሉ። ማራገቢያውን ስለ ላካችሁልን በተለይ አመሰግናለሁ፤ የዳባት ውርጭ ብቻውን ስለማይበቃን ነፋስ ማከላችሁ ታላቅ አሳቢነት ነው። ይህን ሁሉ የሚያዘው ሲም ካርድ የጎረሰ፣ ጽሑፍ የሚወጣበት መስኮትና ቁልፎች ያሉት ሳጥን ነው። በስልክም ከሩቅ ይታዘዛል። አሻግሬ ባለፈው ክረምት የገዛው ለዚሁ ነበር። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ስልኩን አውጥቶ አንዴ ነካ ያደርጋል፤ እዚያ መንደር እናታችን ቤት አምፖል ይበራል። እሷም አምፖሉን ቀና ብላ አይታ «ገባ ልጄ» ትላለች። መደወል አያስፈልጋቸውም ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ «ዛሬ እኔ ልንካው» ስለው፣ «አንተ የቤት ሥራህን ንካ» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ሳልማረው ቀረሁ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሥዕሎቹ። ቁልፎቹ ላይ ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ማድረጋችሁ ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች ታስቦ እንደ ሆነ የሽያጭ ሠራተኛችሁ ነግሮን ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕል ግን ታውቃለች። ጥርስ ጥርስ ያለውን ክብ ሥዕል ፀሐይ ነው ብላ ብርሃን ፈልጋ ትጫነዋለች። እሱ ግን የመኪና ጥርስ ኖሮ የሳጥኑን ሆድ ዕቃ ይከፍታል። ጎጆ የተሳለበትን ደግሞ የቤቴ መብራት ነው ብላ ተጫነችው። ጎጆው ቤቱን አያበራም፤ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል እንጂ። ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ቁልፍ እውነት ቢኖር ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ እኔም ጣቴ እስኪደነዝዝ እጫነው ነበር። አምፖል የሚያበራው ቁልፍ ምን ሥዕል እንዳለበት ያውቃሉ? ምንም የለበትም። መጀመሪያ እነዚያን ሁለቱን ተጭኖ ማለፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቋንቋው። ሳጥኑ የሚናገራቸውን ቋንቋዎች መልካም አድርጎ እንደሚናገር አልጠራጠርም፤ ዳባት ከሚነገረው በስተቀር ሁሉም ያሉበት ይመስለኛል። እኔ እንግሊዝኛ ከክፍል ሁለተኛ ወጥቻለሁ፤ መምህሬ ይመሰክሩልኛል። ሆኖም መስኮቱ ላይ የሚወጣውን ሳነብ፣ ቃሉን ሁሉ እያወቅሁ ምን እንደሚለኝ አላውቅም።

ሦስተኛው ረጅም ስለ ሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሻግሬ በሕይወት ሳለ ለአክስታችን ልጅ የጥር ሠርግ የሚሆኑ ዘፈኖች ሰብስቦ ሬዲዮው ውስጥ አስገብቶ ነበር። እናታችንን ሊያስቃት ብሎም ጎህ ሲቀድ በሠርግ ዘፈን እንዲቀሰቅሳት ሳጥኑን አዘዘው። እሷም በየማለዳው «ሙሽራ አደረገኝ ይኼ ጉድ!» እያለች ትነሣ ነበር። እንግዲህ ቀበርነው። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተኝተዋል፤ ሴቶቹ እናቴን ከበው ተቀምጠዋል። ሳጥናችሁ ሰዓቱን አክብሮ፣ በከበሮ፣ በእልልታ፣ የሠርግ ዘፈን ለቀቀ።

በእኛ አገር ሰው በሞተበት ቤት እንኳን ሊዘፈን ሬዲዮ ተከፍቶ ወሬም አይሰማም። ሳጥኑን የሠሩት ሰዎች ይህን እንዲያውቁ እንደማይጠበቅባቸው እረዳለሁ። አጎቴ አያ ገብረ ሚካኤል ብድግ ብለው «አንተ፣ የተማርህ አይደለህም እንዴ? አፉን ዝጋው!» አሉኝ። ተነሥቼ የመስቀል ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫንሁ፤ መስቀል ያለበት ቁልፍ እንዲህ ባለ ቀን የሚያግዝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መደመር ነበር። ዘፈኑ ጨመረ። ሌላ ነካሁ፤ አምፖሎቹ እንደ ጭፈራ ቤት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። ሌላ ነካሁ፤ ማራገቢያው ተነሥቶ ለነፍሱ የበራውን ጧፍ እፍ አለው። «አያ፣ አፉ የት እንደ ሆነ አላገኘሁትም» አልኋቸው። «እንግዲያው እኔ አንገቱን አገኝለታለሁ» ብለው ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉት።

ገመዱ ከመነቀሉ በፊት የአባታችን ዘመዶች ከደረስጌ መጥተው፣ ዳባት አድረው፣ በማለዳ በእግራቸው ደጃችን ደርሰው ነበር። ሙሾ ሊያወርዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጥሩ ጋ ሲቃረቡ እልልታ ሰሙ። ለቅሷቸውን ዋጥ አድርገው ጎረቤታችንን እትዬ ስመኝን «ለቅሶው ቤት ወዴት ነው? እዚህስ ሠርግ ነው መሰል» ብለው ጠየቁ። እትዬ ስመኝ «ኧረ ለቅሶው እሱ ነው፣ ግቡ» ቢሏቸው፣ «ይችስ ሴትዮ ታላግጣለች» ብለው አለፉ። ቀጥሎ ያገኙትን ጸጥ ያለ ቤት ለቅሶ ቤት ነው ብለው ደጁ ላይ ቆመው ጮኹ። የቤቱ ባለቤት ማን ሞተብኝ ብሎ ባዶ እግሩን ወጣ። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አሻግሬ ቢሰማው ከሁላችንም በላይ ይስቅ ነበር፤ የምነግረው ግን እሱን አጣሁ።

የማልስቅበት አንድ ነገር አለ። አያ ገብረ ሚካኤል ገመዱን ሲነቅሉ ሰዉ ሁሉ እፎይ ሲል እናቴ ብቻ ጮኸች። «አትቁረጡት! የእሱ እጅ ነው!» አለች። ሴቶቹ ኀዘኑ አእምሮዋን ነካት ብለው ያዟት። እኔ ግን አላበደችም እላለሁ። ያ ዘፈን አሻግሬ በጣቱ አዝዞ የተወላት የመጨረሻ ነገር ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ። ከሰልስቱ በኋላ ገመዱን መልሼ ሰካሁት። ሳጥኑ ገመዱ ስለ ተነቀለ ሌባ የነካው መስሎት የባለቤቱን የምስጢር ቁጥር ጠየቀኝ። እስኪነግሩት ድረስም አምፖል አላበራም አለ። የአሻግሬን ስልክ ከአደጋው ያነሡት ሰዎች መስታወቱ እንደ ተሰነጠቀ ሰጥተውናል፤ እሱም ተቆልፏል፤ የሚከፈትበትን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ወደ ቅርንጫፍ ቢሮዎ ሄድሁ። ወይዘሪት ሊድያ በአክብሮት ተቀበለችኝ።

«ደንበኛው ራሱ በአካል ቀርቦ ነው የሚያስቀይረው» አለችኝ።

«ሞቷል፣ እህቴ» አልኋት።

አንገቷን ደፋች። «ነፍስ ይማር» አለች፤ ከልቧ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ፣ «ምን መሰለህ፣ ወንድሜ፣ ሲስተሙ ሞተ የሚል ቦታ የለውም» አለችኝ። «ሥራ ቀየረ አለ፤ ከተማ ለቀቀ አለ።»

«ከተማ ለቀቀ በዪው እንግዲያው» አልኋት። እሱን ብትነካው አዲሱን አድራሻ ጠየቃት።

በወይዘሪት ሊድያ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እሷም እንደ እናቴ የማይገባት ሳጥን ፊት የተቀመጠች ናት። የእርሷን ሳጥን የሠራውን ሰው ግን እግረ መንገድዎን ሰላም ይበሉልኝ።

አምስተኛ። ሳጥናችሁን ነቅላችሁ፣ ሁሉን አጥፍታችሁ፣ ንጹሕ አድርጋችሁ በሌላ ደንበኛ ስም ልትመልሱልን እንደምትችሉ በአለቃዋ በኩል ተነግሮኛል። ቸርነታችሁን አደንቃለሁ። ቤታችን ውስጥ ከአሻግሬ የቀረ ነገር ብዙ ስላልሆነ፣ ንጹሕ ማድረጉን ባይቸኩሉበት ደስ ይለኛል።

ክቡር ሆይ፣ በየእሑዱ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ኩራዝ አላት፤ ነጭ ጋዝም አለ። ሲመሽ ግን አትለኩሰውም። ብትለኩሰው አምፖሉን መጠበቅ የተወች ይመስላታል። ፊቷን ወደ አምፖሉ አድርጋ ትቀመጣለች፤ የሱቅ መዝጊያ ሰዓት ሲያልፍ «ዛሬም አልገባም» ትላለች። ከዚያ ምን እንዳለች ትሰማዋለች መሰለኝ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ እኔ ደባርቅ ነኝ። ሱቆቹ ሲዘጉ የቆርቆሮ በሮቹ ድምፅ ከክፍሌ ይሰማኛል። ያን ጊዜ የራሴን ስልክ አውጥቼ ነካ አደርጋለሁ። ምንም አይበራም፤ መንካቴን ግን አልተውሁም። የኪራይ ክፍላችን ለአንድ ሰው ሰፋች፤ ለሁለት ሳለን ጠባብ ናት ብለን እናማርር ነበር።

የተማሪ ምክር የሚሰማ ጊዜ ካለዎ፣ ቀጣዩን ሳጥን ሲሠሩ ይህን ያስቡበት። አምፖል የሚያበራው ቁልፍ ከሁሉም ትልቁ ይሁን፤ አምፖልም ይሳልበት። ሲጫኑት ሌላ ነገር አይጠይቅ። ዝም የሚያሰኝ አንድ ቁልፍ ይኑረው፤ ይህም በጨለማ በእጅ ዳበሳ የሚገኝ ይሁን፤ በየትኛውም ቤት ዝምታ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣልና። ሳጥኑ አማርኛ ይናገር። ባለቤቱ ሁለት ሰው ይሁን፤ የሚሞተው ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ አይታወቅምና። ሠርታችሁ ስትጨርሱም ለመሐንዲሶቻችሁ አታሳዩት፤ እናቴ ቤት አምጡትና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ያለ ማንም እርዳታ ካበራችው ያን ጊዜ ሽጡት።

ሳጥኑ ወደ እኔ ከተዛወረ የማደርገውን አስቀድሜ ልንገርዎ። የሠርጉን ዘፈን አላጠፋውም። ኀዘናችን እስኪወጣ ድረስ አስቁሜው፣ እናቴ «ይሁን» ያለችኝ ቀን ጎህ ሲቀድ መልሼ እለቅላታለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከዚህ ከደባርቅ እነካላታለሁ። «ገባ ልጄ» ትበል አትበል አላውቅም። ምናልባት የቱ ልጅ እንደ ሆነ ግራ ይገባት ይሆናል። ቢሆንም ቀና ብላ ታያለች።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ካነበቡ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለማራገቢያውና ዐዋቂ ለሆነው ሲስተምዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽሁ፣ እጅ ነሥቼ፣ በሞት እንኳ ከዝርዝርዎ የማይሰረዝ የአንድ ታማኝ ደንበኛ ታናሽ ወንድም በመሆኔ እየኮራሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ያርጋል ተክለ ማርያም
ደባርቅ፣ ኅዳር 2010 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ፣ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ
ለወይዘሪት ሊድያ፣ ከይቅርታ ጋር

ከፈረምሁ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ በአሻግሬ ስልክ መስታወት ላይ የድርጅትዎ መልእክት መጣ። ይህ ግን በአማርኛ ነበር፤ ሳልከፍተውም ይነበባል። «ውድ ደንበኛችን አሻግሬ፣ አገልግሎታችንን ከተጠቀሙ ቆይተዋል። ናፍቀውናል» ይላል። ስልኩ ስለ ተቆለፈ መልስ መስጠት አልቻልሁም፤ ስለዚህ መልሱን እዚህ እጽፋለሁ። እኛንም ናፍቆናል።