የጣልያኗ እናት በንፋስ መውጫ

የካቲት 3፣ ሰኞ

የአራተኛ ክፍል ደብተር እያረምኩ ሳለ ጥቅሉ ደረሰ። ከጎንደር፣ በጭነት መኪና። ወንድሜ ጌታሁን ነው የላከው። አሥራ ሁለት ትልልቅ ፎቶግራፎች፤ አንዱም አልተጨማደደ። ማስታወሻዬ፣ ደስታዬን ካንተ ሌላ ለማን ልንገር?

ጌታሁን ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነው። ፎቶግራፎቹ የአንድ የጣልያን ፊልም ናቸው፤ ጎንደር ከታየ ዘንድሮ አሥር ዓመቱ። የተወሰደባትን ልጇን በየእስር ቤቱ የምትፈልግ እናት ታሪክ። ሰው እያለቀሰ ተመላልሶ ያየው ፊልም። እኔ አምስቴ።

እዚህ ሲኒማ የለም። ስለዚህ ፎቶግራፎቹን ት/ቤቱ አዳራሽ እሰቅላለሁ፤ ታሪኩን ከእያንዳንዱ ሥር እጽፋለሁ። ቅዳሜ ይከፈታል።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ር/መምህሩ አዳራሹን ከለከሉኝ። የሰማዕታት ቀን ደርሶ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ጎን ጣልያን አይሰቀልም አሉ። መሪጌታ ይባቤም ሰምተው ተቆጥተዋል አሉ። መሪጌታ በቤተ ልሔም የዜማ ት/ቤት ድጓ አስመስክረው እዚህ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ያጡት በጣልያን ቦምብ ነው።

ተናድጃለሁ። አባቴን የገደለው የማን ጥይት ነው? ሐዘኑን ከሰው ልማር?

የካቲት 5፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። አንዱን ፎቶግራፍ ይዤ። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው አስቀመጡኝ።

«የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁ። የአባትሽን ገዳዮች ሥዕል ትሰቅያለሽ?»

ፎቶግራፉን ዘረጋሁት። እናትየው የእስር ቤት በር ስትደበድብ።

«ማነው ልጇን የወሰደባት?»

«የገዛ አገሯ ወታደሮች፣ የኔታ። እኛ ላይ የዘመቱት እነዚያው።»

በግራ እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። ከዚያ መለሱልኝ።

«እኔ አልመጣም። አልችልም። የሚመጣውን ግን አልከለክልም።»

በቃኝ። ከዚህ በላይ አልጠየቅኳቸውም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አዳራሹ ተቆልፏል። ይቆለፍ! የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ወደ ገበያው መንገድ የዞረ ነው። ሲባጎ ወጥሬ አሥራ ሁለቱንም ሰቀልኳቸው።

ከጧት ጀምሮ ሰው አልቋረጥ አለ። ፊደል ያልቆጠረው ይበዛል። ድምፄ እስኪዘጋ ተረክሁ። አንድ ገበሬ የገብስ ጭነቱን ከአህያው ሳያወርድ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ልጇን አገኘችው ወይ ብሎ ጠየቀ። አላገኘችውም አልኩት።

«ለራሳቸውም አልሆኑ!» ብሎ አህያውን ነዳ።

አንዲት ሴትዮ ግን ፎቶግራፉ ላይ ምራቋን ተፍታ ሄደች። ጠርጌ መልሼ ሰቀልኩት። አልተቀየምኳትም። አላወረድኩምም።

የካቲት 10፣ ሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ

ደብዳቤ ተሰጠኝ። የር/መምህሩ ፊርማ አለበት። እስከ ነገ ካላወረድኩ ወደ ስማዳ እዛወራለሁ። ሁለቴ አነበብኩት። ፈራሁ፤ አልዋሽህም። ስማዳ ዘመድ የለኝ፣ ወዳጅ የለኝ። መንገዱም በበቅሎ ነው።

ቢሮ ገብቼ በቃሌ መለስኩላቸው። አላወርድም። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው።

ለጌታሁን አሁኑኑ እጽፋለሁ፤ የተዋስኳቸው ፎቶግራፎች ትንሽ እኔ ዘንድ ይቆዩ። ከነገ ወዲያ ሰማዕታት ሲታሰቡ እንደተሰቀሉ ይውላሉ። አባቴን እዚያው ሥር ቆሜ አስበዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ስማዳ ካሉኝም ስማዳ። እዚያም ግድግዳ አይጠፋም።