የገሰሰ ማስነጠስ

ኅዳር ፫
ጠዋት የመነጽሬን እግር በክር አሰርኩ። ከሰዓት የልጅ ልጄ ሠርካለም መጣች። በኮምፒውተር ዘፈን ሠርታለች። ዘፋኝ የለው፣ ግጥም የለው... ዱም ዱም ብቻ።
«ታዲያ ዘፈኑ የቱ ነው?»
«ለጭፈራ ነው እማማ። አንድ ድምፅ ብቻ አለበት፤ ይስሙት።» ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋችው።
«እሽ ወፌ! እሽ!»
የገሰሰ ድምፅ! ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ። መነጽሬን አውልቄ ተቀመጥኩ።

ኅዳር ፬
በስልኳ የቀዳችው በሞተበት ዓመት ነው፤ ማማው ላይ ሆኖ ከሩዙ ወፍ ሲከላከል። ሌላ ድምፁ የትም የለም። «ካልፈቀዱ አላወጣውም» ብላለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ ስድስት ወር ደክማበታለች። ግን በሟች ድምፅ መጨፈር... ነውር አይደለም?
ደግሞ አንድ ነገር ጎድሎታል። ምን?

ኅዳር ፯
አገኘሁት! ገሰሰ ጮሆ ሲያበቃ ያስነጥሳል። የሩዝ ብናኝ አይስማማውም ነበር። ወፎቹም ከጩኸቱ ይልቅ የሚፈሩት ማስነጠሱን ነበር። ከማሳው ማዶ ሆኜ ስንት ጊዜ «ይማርህ» ብያለሁ?
ደወልኩላት።
«ማስነጠሱስ?»
«ቆርጬ አወጣሁት እማማ፤ ያበላሽብኝ ነበር።»
«መልሺው።»
«ሰው ይስቃል እኮ!»
«ይሳቅ። ግማሽ ገሰሰ አልፈልግም። ካልመለስሽ አልፈቅድም።»
ዘጋሁት። ጨከንኩባት ይሆን? የኔታ አንዲት ፊደል ስንዘል ከ«ሀ» ያስጀምሩን ነበር...

ኅዳር ፳፩
መለሰችው። የመጀመሪያውን ሙከራ «ፈጠነ» አልኳት፤ ሁለተኛውን «ዘገየ»።
«አያቴ ራሳቸው እንዲህ ተጠንቅቀው አላስነጠሱም!» ብላ አሳቀችኝ።
ሦስተኛው ልክ ነው። ፈቀድኩ።

ጥር ፲፬
የጎረቤታችን የአድማሴ ልጅ ሠርግ። ዳሱ ውስጥ የሠርካለምን ዘፈን ለቀቁት። «እሽ ወፌ!» ሲል ወጣቱ እጁን እንደ ክንፍ እያርገበገበ ዘለለ። ከዚያ ዱም ዱሙ ጸጥ አለ... አስነጠሰ።
አድማሴ ከመቀመጫው «ይማርህ ገሰሰ!» አለ። ሳቅ ሆነ። ዘፈኑ ዞሮ ሲመጣ ግን ማንም አልሳቀም፤ ትንሽ ትልቁ በአንድ ድምፅ «ይማርህ!»
አራት ዓመት ሙሉ የሰማሁት «ነፍስ ይማር» ብቻ ነበር።
ለዚህ ሁሉ ሰው መልስ ይገባል። እሱ ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም። ሠርካለም ከዳሱ ጥግ ታየኛለች።
ብድግ ብዬ «ያኑራችሁ» አልኩለት።