ለአንድ ቁራጭ ኬክ የተለወጠው የስልክ ተራዬ

ጥር 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለተከበሩ የደቡብ ዳርቻ ዘመናዊ ግንኙነት ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለቢሮዎ ማኅተምም የማያልቅ ቀለም እመኛለሁ። እኔ ገሠሠ ወጋየሁ፣ በነፋስ ስልክ የትምህርት ቤት ዴስክ የምሠራ አናጺ ስሆን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከስልክ በስተቀር የጎደለኝ የለም። በጋዜጣ፣ በአደባባይ መጻፌ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው አምስት ማመልከቻዎች በክብር ተቀምጠዋል ስለተባልኩ፣ በስድስተኛው ቦታ ላጣብብባቸው አልፈለግሁም።

1ኛ. ባለፈው ኅዳር፣ መቅረት እንደሚያስጠይቅ አስጠንቅቀው፣ «ቪዲዮ ኮንፈረንስ ለንግድ ድርጅቶች ያለው ጥቅም» በሚል ርዕስ ስብሰባ ስለጠሩን አመሰግናለሁ። ሰው ካለበት ሳይነሳ መሰብሰብ እንደሚችል ለመስማት ሁለት ታክሲ ቀይረን መጣን። አስተማሪው ባለሙያም ከለቡ ታክሲ አጥተው ሁለት ሰዓት ዘግይተው ሲደርሱ፣ የመጀመሪያ ቃላቸው ነጋዴ ከእንግዲህ መንገድ እንደማያስፈልገው ማብሠር ነበር። አጨበጨብንላቸው።

2ኛ. መብራት ጠፍቶ ፊልሙን ማሳየት ስላልተቻለ፣ ባለሙያው ሁለት ባዶ የቴሌቪዥን ካርቶኖች አስቀድደው እኔንና ጎረቤቴን ባለሱቋን ወይዘሮ ሸዋረገድን ጭንቅላታችንን በየካርቶኑ አስገብተን በአዳራሹ ጫፍና ጫፍ እንድንቀመጥ አደረጉ። እኔ ጄኔቫ ነበርኩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ የሱቃቸውን በር መቼ እንደምጠግንላቸው በዓለም ፊት ጠየቁኝ፤ ከጄኔቫ ስመለስ አልኳቸው። ድምፁም ምስሉም ጥርት ያለ እንደነበር እመሰክራለሁ።

3ኛ. ሰባት ዓመት የጠበቅሁት የስልክ ተራዬ በዚያን ጊዜ ዐሥራ አራተኛ ደርሶ ነበር። እስካሁን የሚደወልልኝ በወይዘሮ ሸዋረገድ ሱቅ ነው። እሳቸው ሳጥኑ ውስጥ የተቆለፈውን ስልክ ከፍተው፣ «ይጠብቁ» ብለው፣ አስፋልቱን ተሻግረው እስኪጠሩኝ፣ እኔም መጋዜን አስቀምጬ እስክደርስ መስመሩ ይቋረጣል። በናዝሬት የአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር የሆኑት አቶ ሁንዴሳ ሰማንያ ዴስክ ሊያዙኝ ሦስት ጊዜ ደውለው ሦስቴም እንዲሁ ሆነ። ቢቸግራቸው፣ በቶሎ በራሴ ስልክ ካላገኙኝ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጡ በሰው ላኩብኝ። ሰማንያ ዴስክ ለእኔና ለሁለቱ ሠራተኞቼ የመንፈቅ እንጀራ ነው፤ ስለዚህ ተራዬን ልጠይቅ ወደ ቢሮዎ ሮጥኩ።

4ኛ. የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሪት ጸሐይወርቅ ፋይሌን ከስልክ ጠያቂዎች መደርደሪያ ፈልገው አጡት። በመጨረሻ የተገኘው የቪዲዮ ኮንፈረንስ ተጠቃሚዎች የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት መደርደሪያ ላይ ነው። በስብሰባው ዕለት ሻይና ኬክ ለመውሰድ የፈረምኩበት ወረቀት ለካ የአገልግሎት ማመልከቻ ተደርጎ ተመዝግቦልኛል። ወይዘሪት ጸሐይወርቅ በአዘኔታ አይተውኝ፣ «አባቴ፣ እርስዎ እኮ ከስልክ አልፈዋል» አሉኝ። ወደ ስልክ ዝቅ ልበል ብዬ ብለምን፣ የምመለሰው ከሰልፉ መጨረሻ፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሦስተኛ ሆኜ እንደሆነ ገለጹልኝ። እንግዲያው ቪዲዮውን አስገቡልኝ ብል፣ ለእሱ አስቀድሞ ስልክ ሊኖረኝ ይገባል ተባልኩ። የኬኩን መድረቅ በተመለከተ ቅሬታ የለኝም።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ ይቅርና በጣም አዝኛለሁ። ሰባት ዓመት ሰው ሳልቀድም፣ ዘመድ ሳልፈልግ፣ ተራዬን ጠበቅሁ። ዓለምን በመስኮት ልይ አላልኩም፤ የፈለግሁት አቶ ሁንዴሳ ሲደውሉ «አቤት» ማለት ብቻ ነበር። ዐሥራ አራተኛነቴን እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ።

ከስልክ በላይ ከፍ ላደረገኝ ጽሕፈት ቤትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በመደርደሪያዎ ላይ ዘወትር የሚጠብቅዎ፣

ገሠሠ ወጋየሁ
አናጺ፣ የጄኔቫ ተሰብሳቢ የነበረ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጨርሼ ሳላሽገው፣ አቶ ሁንዴሳ ሰማንያውን ዴስክ የለቡ አናጺ ለሆኑት ለአቶ ቦጋለ መስጠታቸውን ሰማሁ። አቶ ቦጋለ በስልክ ተራ ከእኔ ቀጥለው ዐሥራ አምስተኛ ነበሩ። በስብሰባው ዕለት ወገባቸውን አሟቸው ቤታቸው ዋሉ፤ ባለፈው ሳምንት ስልክ ገባላቸው። ቪዲዮ ኮንፈረንስ የጠቀመው ነጋዴ ለምስክርነት ካስፈለግዎ እሳቸውን ይጥሯቸው፤ መንገድ እንዳይለፉም ይደውሉላቸው።