አክስቴን ከአክስቴ ስለመጠበቅ

ለክቡር የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ቁልፍ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

እኔ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ የምኖር፣ ስለ መንደራችን ያሳተማችሁትን ጥናት ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩ ብቸኛ የሰፈር ሰው ነኝ። ከዳር እስከ ዳር ስል ሽፋኑን፣ ምስጋናውንና ፎቶዎቹን ማለቴ ነው። ቢሆንም የማታ ትምህርቴን ዘንድሮ በአንደኝነት ስለጨረስኩ (ሦስት ነበርን፤ አንዱ አያት ኮንዶሚኒየም ደርሶት አቋርጧል) የቀረውን በግምት ተረድቼዋለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ተመራማሪያችሁ አቶ ነአምን ቤታችን መጥተው፣ አክስቴ እማማ ዲንቄ ከቤታችን ለሚወጡ ሙሽሮች በኦሮምኛ የሚያዜሙትን ምርቃት ቀድተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ጉሮሯቸውን ታመው ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ ድምፃቸውም አልተመለሰም። የልጅ ልጃቸው ዳርቱ ደግሞ ለዳግማይ ትንሣኤ ታገባለች። ምርቃቱን ሙሉውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ያለው እናንተ ጋ ነው። ቅጂውን ስንጠይቅ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሽፋኑ ላይ «ከነባሩ ማኅበረሰብ ጋር በትብብር የተሠራ» ስላላችሁልን እናመሰግናለን። በትብብሩ የእኛ ድርሻ የአቶ ነአምንን ሻንጣ ታክሲ በማይገባበት ዳገት ተሸክሞ ማውጣት ነበር፤ ተሸካሚው እኔ ስለሆንኩ ራሴን ከተመራማሪዎቹ እንደ አንዱ እቆጥራለሁ፤ ወገቤም ይመሰክራል።

፪ኛ. አቶ ነአምን ሲሄዱ የአክስቴን ጉልበት ስመው «እማማ፣ ቅጂውን እኔው ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ» ብለው ነበር። አሁን ውጭ አገር ናቸው ተባልን። ስልካቸው ላይ የምትመልሰውን ሴትዮ በአማርኛም በኦሮምኛም ሞክሬያታለሁ፤ ጨዋ ናት፣ ግን ያንኑ ትደጋግማለች።

፫ኛ. ትልቁ ምስጋናዬ ለምስጢር ጠባቂነታችሁ ነው። ቢሮዎ ስመጣ አንድ ትሁት ሠራተኛ ድምፁ የ«መረጃ ሰጪ ሰባት» መሆኑን፣ የመረጃ ሰጪ ማንነት ለማንም እንደማይገለጽ፣ ስለዚህም ባለቤቱ በአካል ቀርቦ ካልጠየቀ እንደማይሰጥ አስረዱኝ። አክስቴን በሚኒባስ ይዤ መጣሁ። ጥበቃው ወንበር ሰጥተዋቸው አክስቴ እስከ ቀትር አረፍ ብለው ጠበቁ። ከዚያ ሠራተኛው ብቅ ብለው መረጃ ሰጪ ሰባት መሆናቸውን እንዲያረጋግጡ ጠየቋቸው። በምን ያረጋግጡ? ስማቸው እሳቸውን ለመጠበቅ ተብሎ ተሰርዟል። ድምፃቸው ያለው እናንተ ጋ ነው። አክስቴ በጣታቸው ጉሮሯቸውን አሳዩ፤ ምልክት እንደ ማስረጃ አይያዝም ተባሉ። እኔም ከጥናቱ ውስጥ ገጽ ሙሉ የወጣውን የገዛ ፊታቸውን ገልጬ ሳሳይ፣ ፎቶው ለጌጥ እንጂ ለመለያ እንዳልሆነ ተነገረኝ።

ክቡር ሆይ፣ አክስቴን ከእኔ ይጠብቁልኝ፤ አመሌን ስለማውቅ አልቀየምም። ከጎረቤትም ይጠብቁልኝ። ከራሳቸው ከአክስቴ የጠበቃችኋቸው ግን ምን ያደርጓቸዋል ብላችሁ ነው?

የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ቅጂው ከሠርጉ በፊት ይድረሰን። ዳርቱ ከቤት ስትወጣ ድምፁ ከስልክ ይወጣል፤ እጃቸውን ራሷ ላይ የሚጭኑት ግን አክስቴ ናቸው። ከሠርጉ በኋላ ብትልኩልን ለማኅደር ይሆናል፤ ማኅደር ደግሞ እናንተ አላችሁ።

የዳገቱን ያህል ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣
በዳዳ ሊሊሳ
የመረጃ ሰጪ ሰባት የወንድም ልጅ (ይህንንም ማረጋገጥ አልችልም)

ማሳሰቢያ፦ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንበር የሰጣቸው የለም፤ አክስቴ እስከ ቀትር በእግራቸው ቆመዋል። ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አንባቢ ስለ እናንተ ክፉ እንዳያስብ ብዬ።