አምስተኛው ቅጠል

ደሴ፣ ሆጤ
ኅዳር 24 ቀን 1970 ዓ.ም.

ኮምቦልቻ ላለኸው አብሮ አደግ ወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ቤተሰቡስ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ትንፋሳችን አለች። ዛሬ ዛሬ ደብዳቤ ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ የሚነበብ ስለሚመስለኝ ይህን በእህቴ በረሂማ እጅ ልኬዋለሁ። አንብበህ አቃጥለው።

ታናሽ ወንድሜን ጀላልን ማን አሳልፎ እንደሰጠው እንዳጣራ ልከህብኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። እሺ፣ ያጣራሁትን ስማ።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ደጉ ያልታጠበ ፊልም ይዞ ሱቄ መጣና ትልልቅ አድርገህ አትም፣ ፊታቸው ይለይ አለኝ። አጥቤ ሳየው ገራዶ ላይ ዛፍ ጥላ ስር የተቀመጡ ሰባት ወጣቶች ናቸው፤ ሦስተኛው ጀላል። ሆኖም አተምኩ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ልበልህ። በማግስቱ ሰባቱንም ለቀሟቸው። ድብቅ ስብሰባ ነው ተባለ። እውነቱ ግን ለባልቴቷ ለሐዋ ጅጌ ወጥተው ጤፏን ሲያጭዱላት ውለው፣ ለምሳ ያረፉባት ሰዓት ናት። ሐዋ ቀበሌ ሄዳ ብትምልም ምሳ ያበላሻቸው አንቺ አይደለሽ እንዴ ብለው አባረሯት።

አንድ ቅጂ ደብቄ አስቀርቼ በማጉያ መነጽር ሳየው ሰነበትኩ። ከልጆቹ ኋላ በዛፉ ቅጠል መሃል የሾለከው ፀሐይ ደብዝዞ ክብ ክብ ሠርቷል። ክቦቹ ሁሉ ግን በቀኝ በኩል ተገምጠዋል።

የካሜራ መዝጊያ እንዴት እንደሚሠራ ሱቄ ቁጭ ብለህ አይተሃል። ሌንሱ ውስጥ አምስት ስስ የብረት ቅጠሎች ተደራርበው ይተኛሉ። ሞላውን ወጥረህ ስትጫነው አምስቱም ከመሃል ወደ ዳር ሸሽተው ብርሃን ያስገባሉ፣ ወዲያው መልሰው ይገጥማሉ። አንዱ ሙሉ በሙሉ ካልሸሸ ከኋላ ያለው የደበዘዘ ብርሃን ሁሉ ተገምጦ ይወጣል። እኔ በዕድሜዬ በእጄ የሠራሁት አንድ ቅጠል ብቻ ነው፤ አምስተኛው ለተሰበረበት ካሜራ፣ ከአሮጌ ሰዓት ሞላ ቆርጬ፣ ትንሽ ሰፍቶብኝ። ባለካሜራው «ምንም አይል፣ ዋናው ፊት መያዙ ነው» ብሎ ሲስቅ አንተም ሱቁ ውስጥ ነበርክ። ከእኔና ከአንተ በቀር ሌላ ሰው መኖሩ ትዝ አይለኝም።

አስፈራርተውት ይሆናል። ፍርሃትን እኔም አውቀዋለሁ። ግን አልተናደድኩም ብዬ አልዋሽህም፤ ወላሂ አንጀቴ አሯል።

የልጆቹ ፋይል ሐሙስ ወደ ላይ ይተላለፋል፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየሁም። ፎቶውን ያነሳው ሰው እስከ ረቡዕ ደሴ መጥቶ «አጫጆች ነበሩ፣ ምሳ ሰዓት ነው ያነሳኋቸው» ቢል ያምኑታል፤ የእነሱው ሰው ነዋ። ካገኘኸው ንገርልኝ።

አላህ ልብህን ያቅናው፣ ከነቤተሰብህ በአማን ያውልህ። እናቴ ከሰላት በኋላ ለጀላል ዱዓ ስታደርግ ያንተንም ስም ትጨምራለች፤ «እሱም የኔው ልጅ ነው» ትላለች። እስከ ረቡዕ ምንም አልነግራትም።

አብሮ አደግ ወንድምህ