ከመዝገብ ቤት የተቀዳ ቃል ኪዳን

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ አሥራ አንድ የፍቺ መዝገብ ተከፈተ፣ ሁለት ተዘጋ። ሥራ ሞቅ ብሏል።

በምሳ ሰዓት እጮኛዬ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ መጣች፣ የፋርማሲውን ነጭ ጋወን እንኳ ሳታወልቅ። አዲስ ሐሳብ አላት። በሠርጋችን ቀን የክብር መዝገብ ሹሙ የሚያነበው ደረቅ ቃል ይቅርና እያንዳንዳችን የራሳችንን ጽፈን እናንብብ።

«አንተ እንደሆንክ መጻፍ አይቸግርህም» አለች።

አይቸግረኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ትዳር እንዴት እንደሚፈርስ ሳነብ ኖሬያለሁ። እንዴት እንደሚጀመር ግን... እኛ መዝገብ ቤት አይደርስም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

«ፀሐዬ ነሽ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። እሷ ፀሐይ ከሆነች እኔ ምንድን ነኝ? የልብስ ማስጫ ገመድ?

«እስከ ዕለተ ሞቴ።» ይህንን ተባብለው የመጡ ሰዎች በየቀኑ በእጄ ያልፋሉ። ሁለቱም ወገን በሕይወት አሉ።

አጠገቤ የምትቀመጠውን ባለማኅተሟን አማከርኳት። በዕድሜ እናቴን ታክላለች፣ በምላስ ትበልጣታለች።

«የማታደርገውን ጻፍ» አለች። «የምታደርገውንማ ማን ያምንሃል?»

ቀልዷን ነበር። እኔ ግን ያዝኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 10

እጮኛዬ ከእኔ በፊት አግብታ ነበር። ስለ ሰውየው አንድም ቀን አውርታ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እናቷ ግን ያወራሉ። ትናንት ምሳ ላይ፣ ሳህኔን እየሞሉ፦

«የመጀመሪያው ባሏ ወርቅ ልጅ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ምን አጥታ እንደተወችው እንጃላት። አንተ እንኳ ቻላት ልጄ።»

እሷ ውሃ ላምጣ ብላ ተነሳች። ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ጆግ ውሃ ነበር።

የፍቺዋ መዝገብ የት እንዳለ አውቃለሁ። ምድር ቤት፣ በዝግ ችሎት የታዩት መዝገቦች ክፍል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ያለበትን ማወቅ ማንበብ ማለት አይደለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

አነበብኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ወርቁ ልጅ በእርግጥም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጠዋት ሥራ ሲሄድ በሩን ከውጭ ይቆልፍባት ነበር። ጫማዎቿን ሁሉ በፌስታል ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ይዞ ይሄድ ነበር። ሁለት ዓመት።

ዳኛዋ «ለማን ነገርሽ?» ብላታለች። «ለማንም። እናቴ ትወደዋለች።»

እዚህ ላይ አለቀስኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እስክሪብቶ ፈለግኩ።

አርብ፣ የካቲት 21

ቃል ኪዳኔ አለቀ። ስድስት ዓረፍተ ነገር። «በሩን ከውጭ አልቆልፍብሽም። ጫማሽ አንቺ ያስቀመጥሽበት ይገኛል...» እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም። በልኳ የተሰፋ ነው። ከየት አመጣኸው ትለኝ ይሆን? አትልም። ሰው ሲወድ እንዲሁ ይገባዋል ትላለች።

ለባለማኅተሟ አነበብኩላት። ማኅተሙን አስቀመጠች።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከልቤ።»

«ልብህ የመደርደሪያ ቁጥር አለው?» ወደ ወረቀቱ እየጠቆመች፦ «ቅደደው ልጄ።»

ሠላሳ ዓመት ወረቀት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። አልቀደድኩትም። ዓረፍተ ነገሮቹ ያምራሉ።

እሑድ፣ የካቲት 30

ትናንት... በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ሰው። እናቷ ከፊት። መጀመሪያ ቃል ይነበባል፣ ከዚያ ይፈረማል። እሷ ቀደመች። ብጣሽ ወረቀት ነው የያዘችው።

«ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ አንተ አንድም ቀን አልጠየቅከኝም። ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥክ። የማገባህ ለዚህ ነው። ጊዜው ሲደርስ እኔው እነግርሃለሁ፣ በራሴ አፍ።»

ተጨበጨበ። ተራው የኔ ሆነ።

ወረቀቱን ማጠፍ ይቻል ነበር። «እወድሻለሁ» ብሎ መቀመጥም ይቻል ነበር። ይህንን ሁሉ አሰብኩ፤ ጊዜ ነበረኝ። ግን ከእሷ በኋላ ባዶ እጄን ልቁም? ያውም እኔ?

አነበብኩ። አጥርቼ፣ ሳልጣደፍ።

በሩ ላይ ስደርስ አየችኝ። ጫማው ላይ ስደርስ እናቷን አየች።

«የምን በር?» አሉ እናቷ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «ማነው በር የቆለፈባት?»

አላለቀሰችም። ጠጋ ብላ፣ ለእኔ ብቻ፦ «አንብበኸዋል።» ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞራ፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልፈርምም።»

ቀስ ብላ ወጣች። ጆሮው የሚከብደው አንድ አጎት የጨረስኩ መስሎት ያጨበጭብ ነበር። ከሁሉም የሚያሳፍረው... ጭብጨባው ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ቁልፉን ተቀበሉኝ። አሁን የባለጉዳይ መስኮት ላይ ነኝ። «ለአለቃ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ ባለማኅተሟ፣ ሻይዋን እያማሰለች። «ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።» እጮኛዬ የነበረችው ከተማውን ለቃ ሄዳለች። ለእናቷም አድራሻ አልተወችም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ እናቷ ተሰልፈው መጡ፣ መታወቂያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«የልጄን መዝገብ ልይ።»

«በዝግ ችሎት የታየ ነው እማማ። ከባለጉዳዮቹ ሌላ ለማንም አይሰጥም።»

«ላንተ ማን ሰጠህ?»

ፊቴ ያለውን ወረቀት አስተካከልኩ።

«እሺ፣ አታሳየኝ። በአፍህ ንገረኝ። ስልኬን አታነሳም። ስንት ዓመት ሙሉ ወርቅ ልጅ፣ ወርቅ ልጅ ስላት... ምን አደረጋት? ሌላስ ምን አደረጋት?»

ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። እስከ ገጽ ቁጥሩ።

«ደንቡ አይፈቅድም» አልኩ።

መስታወቱን ይዘው ቆሙ። ከኋላቸው አምስት ሰው ነበር።

«ቀጣይ።»