ወደ ሜዳ ያልተመለሰችው ኳስ

ውድ ኦደል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ይጀምራል ብለው ስላስተማሩኝ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ነው። አንተ ፖስተኛ ነበርክ፤ የሰው ደብዳቤ በየደጁ ስታድል ኖረህ ከእኔ ግን ይህ የመጀመሪያህ ነው። ዓይንህ እንደጠፋ ልጃችን ራንዳል ነግሮኛል፤ እንግዲህ ነርሷ ታነብልሃለች። እኔ በስድሳ ዓመቴ ፊደል ስቆጥር፣ አንተ አንባቢ ፈላጊ ሆንክ። አልስቅብህም። ለመሳቅም ደክሞኛል።

በእሱ በኩል ሁለት ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። አንደኛው የቺካጎን ቤዝቦል ስታዲየም አይቼ ያየሁትን እንድጽፍልህ፣ ሁለተኛው ራንዳል አንተ ያለህበት ሜምፊስ ድረስ መጥቶ እንዲያይህ። ጥለኸን ከሄድክ ወዲህ ፊትህን አላየም፤ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። «እማ፣ አንቺ ስታዲየሙ ከሄድሽለት እኔም ሜምፊስ እሄድለታለሁ» አለኝ። ነገሩን እኔ ላይ መጣሉ ነው። ስለዚህ እሁድ ስታዲየሙ ሄድን።

በትዳራችን ጊዜ አንድም ቀን አልወሰድከኝም። «የውጤት ሰሌዳውን ማንበብ አትችዪ፣ እዚያ ተጎልተሽ ምን ልትሠሪ?» ትለኝ ነበር፣ ያውም ወንድምህ ፊት። ይኸው አነበብኩት። አረንጓዴው ሰሌዳ አሁንም አለ፤ ሰዎች ከውስጥ ሆነው ቁጥሩን በእጃቸው ይሰቅላሉ። ቺካጎ ሁለት፣ ሴንት ሉዊስ አንድ ይላል። የከለከልከኝ ይህን ነበር።

ግድግዳው ላይ ያለው ሐረግ ለምልሟል፤ እሱን ብለህ እንደጠየቅህ አውቃለሁ። ሣሩም ያምራል፣ አልዋሽህም። ደረጃውን ጨርሼ ድንገት ሳየው እግሬ ቆመ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «እማማ፣ ይለፉ እንጂ፣ ቢራዬ ሊሞቅ ነው» አለኝ። ወንበሩ ግን መደገፊያ የለውም፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ሸሚዝህን እየተኮስኩ የሸኘሁህ እዚህ ላይ እንድትቀመጥ ነበር።

የተቀመጥነው ድሮ አንተ በምትቀመጥበት፣ ከአጥሩ በላይ ባለው አግዳሚ ላይ ነው። አጠገቤ ዋንዳ የምትባል አሮጊት ነበረች። ከወጣትነቷ ጀምሮ እዚያው ናት። ከታች የቆመውን የሴንት ሉዊስ ተጫዋች «አንተ፣ ሚስትህ ያንን ሱሪ አይታው ነው ከቤት የወጣኸው?» ትለዋለች። ዞሮ ሳቀላት። እኔ ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

ራንዳል ሆት ዶግ ሊገዛ እንደወረደ ከሴንት ሉዊስ ተጫዋቾች አንዱ ኳሷን በዱላው አጥሩን አሻግሮ መታት። የፊቱን ወንበር ገጭታ እግሬ ሥር ተንከባለለች። ሳነሳት ጩኸቱ ቀለጠ። «መልሺያት! መልሺያት!» ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ሌላ ጊዜ ኳሷ ለያዛት ሰው ናት፤ የእንግዳ ቡድን የመታት ከሆነች ግን ወደ ሜዳው ትመለሳለች። ያስቀራት ሰው እዚያ አግዳሚ ላይ እንደ ሰው አይቆጠርም።

እኔ የታየኝ ራንዳል ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ የሆነው ነው። እንዲህ ያለች ኳስ ያዝክ፤ ልጁ እጁን ዘረጋ፤ ሕዝቡ ጮኸ፤ ወረወርካት። እያለቀሰ ቤት ገባ። የኳስ መያዣ ጓንቱን አልጋው ሥር ወሸቀና ዳግመኛ አላወጣውም። እኔም «አባትህ በሰው ፊት ደካማ ነው እንጂ ክፉ አይደለም» እያልኩ አሳደግኩት። በዓመቱ ጥለኸን ወደ ወዳጅህ ወደ ሎሬንና ወደ ልጇ ስትሄድ እንኳ ይህን ቃሌን አልለወጥኩም።

ዋንዳ ክንዴን ያዘችና ከቦርሳዋ አንድ አሮጌ ኳስ አወጣች።

«እህቴ፣ ያቺን ደብቂያት። ይቺን ወርውሪላቸው። ከዚህ ርቀት ማን ይለያታል?»

«ማታለል አይሆንም?»

«ነዋ። ኦደል የሚባል ፖስተኛ ነው ያስተማረኝ። ከኪሱ ሁልጊዜ አሮጌ ኳስ አይጠፋም። አንድ ቀን ትንሹ ልጁ እያየው አሮጌዋን ወረወረ። ልጁ ደህናዋ የሄደች መስሎት ሲንሰቀሰቅ፣ ‹አንተ ጨካኝ፣ ስጠው እንጂ› ስለው ጠቀሰኝና ‹እሷ ለሎሬን ልጅ ናት› አይለኝ መሰለሽ? ሰውዬውን ጠላሁት፤ ብልሃቱን ግን ወሰድኩ።»

ሕዝቡ እየጮኸ ነው። ያቺን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አሮጌዋን ወረወርኩ። አጥሩን ለጥቂት አልፋ ሣሩ ላይ ወደቀች። ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበልኝ። በዕድሜዬ ያን ያህል ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ እሱም ለውሸት ሆነ።

ራንዳል እጁ ሰናፍጭ በሰናፍጭ ሆኖ ተመለሰ። «እማ፣ የተጨበጨበው ላንቺ ነው አሉ። ወረወርሻት?»

ቦርሳዬን ከፈትኩለት፤ የወረወርኩት አሮጌ ኳስ እንደሆነም ነገርኩት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ኳሷን አወጣት፤ ስፌቷን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለህ? «ለአባዬ እወስድለታለሁ። ባያያትም በእጁ ይዳስሳታል። ያን ጊዜ ይህን ብልሃት አላወቀም ነበር፣ አይደል?»

አፌን ባመጣልኝ ዳቦ ሞላሁት።

ቅዳሜ ይመጣል። ኳሷን መዳፍህ ላይ ያኖርልሃል፣ ያንኑ ጥያቄም ይጠይቅህ ይሆናል። እኔ አልነገርኩትም፤ ለአንተ አዝኜ ግን አይደለም። ስለ አንተ መልስ ስሰጠው አርጅቻለሁ። የዚህኛውን መልስ አንተው ስጠው።

ይህን የምታነቢለት ልጄ፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም። ምንም ሳትዘልዪ አንብቢለት፤ ቢያለቅስም አታቋርጪ። ከቅዳሜ በፊት ቀዳደሽ ጣዪው፤ ራንዳል ከእኔ ወረቀት ላይ ማንበብ የለበትም።

በገዛ እጄ የጻፍኩት፣
ኧርነስቲን